የአሥር ቋጠሮው ገመድ

በአገራችን ሽማግሌ ለዳኝነት ሲቀመጥ፣ ባላጋራዎቹ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚጥላት አንዲት አባባል አለች። ወጣቱ ሰምቶ ይስቃል። ታሪኳን የሚያውቅ ግን አይስቅም፤ ምክንያቱም አንድ በሬ የተከፈለባት አባባል ናት።

አያ ቢሻው የሚባል ባለቀፎ ከገደሉ ማዶ አሥር ቀፎ ነበረው። ሐምሌ ላይ እህል አለቀበትና አንዱን ነጋዴ፣ «ጥቅምት ላይ የምቆርጠውን ማር ከዛሬው በዚህ ዋጋ ውሰድና እህል ስጠኝ» አለው። ነጋዴውም ማር ሳይወደድ ዋጋውን መጨረሱ በጀው። ለምልክት አሥር ቋጠሮ ያለው የቃጫ ገመድ ተቀበለ፤ ማሩ ሞላም ጎደለም፣ ጥቅምት ላይ ገመዱን ይዞ የመጣ ቀፎው ውስጥ የተገኘውን ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። አንዱ ከረሃብ፣ ሌላው ከውድ ዋጋ ዳነ።

ነጋዴው ግን ገመዱን አትርፎ ለሌላ ሸጠ፤ ያም ለሌላ። በየቅዳሜው ገበያ፣ «ዘንድሮ መጩ አብቧል፣ ንቡ ጠግቧል» እየተባለ የገመዱ ዋጋ ወጣ። ወይ ጉድ! ማሩን ያየ አንድም ሰው የለም። መስከረም ሲያልቅ ገመዱ ፈንታ የሚባል ነጋዴ እጅ ገባ።

ስንሻው ጥንድ በሬ ያለው፣ ላቡን የሚበላ ገበሬ ነበር። ጎረቤቱ ያንን ገመድ ሳምንት ይዞ ጊደር ሲያተርፍ አየና ልቡ ተነሳ። ዳልቻ የሚባለውን በሬውን ሊሸጥ ሲያወጣ፣ ሚስቱ የሻረግ በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ የሽምብራ እርሻ ደርሶ በሬ ይሸጣል?»

«በሚመጣው ቅዳሜ ገመዱን ሸጬ ሁለት በሬ አመጣልሻለሁ።»

«ቀፎውን አይተኸዋል?»

«ቀፎው ምን ያደርግልኛል? የምሸጠው ገመዱን ነው!»

«ባክህ፣ ገደሉን ተሻገርና አንዴ እየው። የግማሽ ቀን መንገድ ነው።»

«ደርሼ እስክመለስ ሌላ ይቀድመኛል» አለና ዳልቻን ነድቶ ሄደ፤ በሬውን በሸጠበት ገንዘብም ገመዱን ከፈንታ ገዛ።

በሳምንቱ ገመዱን አንገቱ ላይ አጥልቆ ገበያ ወጣ። ያን ቀን አያ ቢሻው ራሱ እህል ሊሸምት ወርዶ ነበር። ሲጠይቁት አልዋሸም፤ በረዶ የመጩን አበባ አርግፎታል፣ ንቡም ቀፎውን ጥሎ ኮብልሏል። ወሬው ባንድ አፍታ ገበያውን አዳረሰ። ስንሻው በግማሽ ዋጋ ለመነ፣ በሩብ ለመነ፤ ገዥ ጠፋ። የገመዱን ጫፍ አፉ ከትቶ እየላሰ ዋለ፤ የሚያደርገውንም ያወቀው አይመስልም። ዳልቻ በአዲሱ ጌታው እየተነዳ በፊቱ ሲያልፍ ግን ዘሎ ተነሳና የአያ ቢሻውን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

«በሕግ አምላክ!»

የገበያው ዳኛ አለቃ ምናሴ፣ ስንሻውን ክርስትና ያነሱት ሰው ነበሩ። ዋርካው ሥር አስቀመጧቸው።

«አባቴ፣ ማሬን ወይ በሬዬን ያስመልሱልኝ! መሬቴ ጦም ሊያድር ነው!»

«አያ ቢሻው፣ በረዶው የጣለው መቼ ነው?»

«ሦስት ሳምንት አለፈው፣ አለቃ። ገመዱ በማን እጅ እንዳለ እንኳ አላውቅም። ቀፎውን ልይ ብሎ የመጣ ቢኖር አሳየው ነበር። አንድም ሰው አልመጣም።»

አለቃ ከከበበው ሰው መሃል ወደቆመው ወደ ፈንታ ዞሩ። «አንተስ አይተህ ነበር?»

«የሸጠልኝም አላየ፣ እኔም አላየሁ» አለ ፈንታ፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ስንሻው፣ ማር አለ ብሎሃል?»

«አላለኝም» አለ ስንሻው። «እኔም አልጠየቅሁት።»

አለቃ በክርስትና ልጃቸው ላይ መፍረድ ከበዳቸው፤ ግን ፈረዱ።

«ልጄ፣ ጋቢውን ልቀቅለት። ሰውዬው ከውሉ አልወጣም። አንተም እንዳንተው አንድ በሬ የቀረው ሰው ፈልግና ተቀናጅታችሁ እረሱ።»

ስንሻው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀሰ። ገበያ ወርዳ የነበረችው የሻረግ ቀረብ ብላ ገመዱን ካንገቱ አወለቀችለት። ጫፉ አሁንም በምራቅ እንደራሰ ነበር። አለቃም ያንን አይተው፣ ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉና ለቆመው ገበያተኛ እንዲህ አሉ፦ «ቀፎ ሳያይ የተዋዋለ፣ ገመድ ሲልስ ዋለ።»