የይግለጡ የመጨረሻ ጋቢ

በአንድ ወቅት፣ ሰባ ዓመት አልፎትም ጣቶቹ ያልደከሙ ይግለጡ የሚባል ሸማኔ ነበር። በአንድ ክረምት ግን፣ ሳያስበው ሳይዘጋጅ፣ የሁለት እጆቹ አንጓዎች አበጡ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ ደርቀው እስከ ረፋዱ አልታጠፍ ይላሉ፤ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ ሰው ነበር የሚቆልፍለት። አንዱ ጎረቤት «ብርድ ነው» አለ፤ ሌላው «እርጅና ነው» አለ። ይግለጡ በንዴት ጦፎ ሦስት ልጆቹን ሰበሰበና በጎረቤት ፊት ተናገረ፦ «እጄን የመለሰልኝ፣ በእጄ የምሠራውን የመጨረሻውን ጋቢ ይለብሳል!»

ምነው ይህን ባላለ! ሕመሙን ውድድር አደረገው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ የሚያደርጉትን እርስ በርስ ይደባበቁ ጀመር።

ትልቁ ልጅ ሰማኸኝ ገበሬ ነው። አጨዳ በደረሰበት ሰሞን ማሳውን ጥሎ፣ አባቱን አዝሎ ፍል ውሃ ወረደ። እዚያ ዳስ ሠርቶ እጆቹን እየነከረ አሸለት። ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሰዋል፤ ከውሃው ሲወጣ ግን ይመለስበታል። ይግለጡ በልጁ ትከሻ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ በማንም ፊት አልቅሶ አያውቅም ነበር። ሲመለሱ እጁ ያው ነው፤ የሰማኸኝን እህል ደግሞ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ አበላሽቶት ነበር።

መካከለኛው አንተነህ ሾፌር ነው፤ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ያለ ሐኪም ማዘዣ ትንንሽ ነጭ ክኒኖች ከከተማ አምጥቶ፣ «አባባ፣ ለማንም አይንገሩ፤ ብቻ ይዋጡ» አለው። ብዙም ሳይቆይ ጣቶቹ ተፍታቱለት፤ ይግለጡ እያንጎራጎረ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ጋቢውን ጀመረ። ፊቱ እያበጠ ቢሄድም ክኒኑን መተው አልፈለገም። «እንዳታቋርጥብኝ» ይለዋል፤ አንተነህም አላቋረጠበትም።

የመጨረሻዋ እናንዬ የፊቱን እብጠት አይታ፣ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሟ እጆቹን ዳብሳ፣ ደሙን አስመርምራ፣ «ብርድም እርጅናም አይደለም» አለችው። «የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን መገጣጠሚያ እየጎዳ ነው። በስተርጅናም ይጀምራል፤ መድኃኒት ግን አለው።» ከዚያ ፊቱን ትክ ብላ አየችና፣ «ሌላ የሚወስዱት ክኒን አለ?» ብላ ጠየቀችው። ይግለጡ የልጁን ምስጢር አስቦ፣ ይልቁንም ጋቢውን አስቦ፣ «የለም» አለ።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት ታዘዘለት። ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እናንዬም ያለ ቀኑ እንዳይውጠው ራሷ ዘንድ አስቀመጠችው።

ጋቢው ሊያልቅ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ይግለጡ ደጃፉ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ጭኑ ተሰበረ። ለካ ነጩ ክኒን አጥንቱን አመንምኖት ኖሯል። ምስጢሩም ያኔ ወጣ። ሐኪሟ ነጩ ክኒን በአንዴ ሳይቋረጥ ቀስ በቀስ እንዲቀነስ አዘዘች፤ ክኒኑንም እናንዬ ያዘችው። ሲቀነስ ሕመሙ ተመለሰ። «ክኒኔን ስጪኝ! አንቺ ልጄ አይደለሽም!» እያለ እናንዬን ሰደባት። እሷም እያለቀሰች ከለከለችው። ወራት ካለፉ በኋላ የሳምንቱ መድኃኒት ሠራ፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ለቀቀው። እስከዚያ የተጣመሙት ጣቶቹ ግን አልተቃኑም፤ የሽመናውን መወርወሪያ መያዝ አቃታቸው። እግሩም ከምርኩዝ አልተላቀቀም።

ጋቢው ክንድ እንደጎደለው ከሽመናው ዕቃ ላይ ተቆርጦ ወረደ። ልጆቹ ዛሬ ሰላም አይባባሉም።

ሰማኸኝ «እህሌን ጥዬ ያዘልኩዎ እኔ ነኝ» ይላል።

አንተነህ «እኔ ባልኖር ጋቢው ራሱ ከየት ይመጣ ነበር?» ይላል።

እናንዬ «አባባ፣ ዛሬ የሸሚዝዎን ቁልፍ ማን ቆለፈልዎ?» ትላለች። ራሱ ነው የቆለፈው።

ይግለጡ በሆዱ የያዘውን ለማንም አልተናገረም። ከታመመ ወዲህ ሰው ሆኜ ኖርኩ የሚለው፣ ያ ክኒን አጥንቱን እየበላ እሱ ሲሸምን የነበረበትን ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ለእናንዬ እንዴት ብሎ ይንገራት? እሷ ግን ዓይኑን አይታ ሳታውቀው አልቀረችም።

ሽማግሌው ዛሬም ጋቢውን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ሲበርደው እንኳ አይደርበውም። እናንተ የሰማችሁ፣ በሉ ፍረዱ፦ ጋቢውን ማን ይልበሰው?