የተወጠረ ቺንጋ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ገብረየስ፣ አታቋርጠኝ፤ ስለ ልጅህ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። «የኔታ፣ ልጄ እንዳትጠፋብኝ ምን ላድርግ?» አይደል ያልከው? እንግዲያው ስማ።

ይህ ሰው በገዛ እጁ ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። ኤሌክትሪክ የምትሰጠው አንዲት ዲናሞ ናት፤ ዲናሞዋን ደግሞ ከሞተሩ የመጣ የጎማ ቺንጋ ያዞራታል። ባትሪው ትንሽ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞዋ ትቆማለች፣ ብዙም ሳይቆይ የሞተሩ እሳት ይጠፋል። ሰማይ ላይ! ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፤ ሚስቱ «ያለኔ አትወጣም» ብላ ምላለች።

ሲነድፈው ግን በደንብ አስቦበት ነበር። ቺንጋው መሀሉን በጣት ሲጫኑት ትንሽ እንዲረግብ አድርጎ ነው የሠራው። መሬት ላይ ሲሞክረው ያለ እንከን ዞረለት። ፍርሃት ግን አላስቀምጠው አለ። «ቢንሸራተትስ?» አለና ዲናሞዋን ወደ ኋላ ስቦ ቺንጋውን ወጠረው። እንደገና ሲያስነሳው ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማ። «ይኸው! ላልቷል» አለና ጨመረበት። ድምፁ ባሰ። እሱም ባሰበት። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ቺንጋውን እንደ ክራር ጅማት አደረገው።

«ምነው ዓለሜ፣ ትንሽ ብትተወው?» አለችው ሚስቱ።

«ዝም በይ! ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

ወጡ። ከተራራው በላይ ሲደርሱ ያ ድምፅ ጩኸት ሆነ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ቺንጋው ጧ ብሎ ተበጠሰ። መብራቶቹ ደከሙ፣ ጠፉ፤ ሞተሩም ሳል ሳል አደረገውና ዝም አለ። ሚስቱ «እመብርሃን!» ብላ ትከሻውን ጨመደደችው። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነበር። እንዴት እንደወረዱ ፈጣሪ ያውቃል፤ ጤፉ የታጨደ ማሳ ላይ እየተንገጫገጩ ቆሙ።

ሰውየው ዲናሞዋን ፈታት። ዘንጓ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነዶ፣ ተጣብቆ አገኘው። ለካ ያ ድምፅ ከላላ ቺንጋ የመጣ አልነበረም። ቺንጋው ከልክ በላይ ሲጎትተው ኩሽኔታው ነበር የሚጮኸው። ሰውየው እዚያው ማሳ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

አንተም እንደዚያ ሰው ነህ፣ ገብረየስ። ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ጧት ማታ ትደውላለህ፣ ዘመድ ትልክባታለህ፣ ከማን ጋር እንደዋለች ትመረምራታለህ። «አባዬ፣ ጨነቀኝ» ስትልህ «ልትጠፋብኝ ነው» ብለህ ሰማኸው፤ ጨመርክባት። አሁን ደግሞ ስልኳ ዝግ ነው አልከኝ። አትቆጣኝ፤ እኔም ፈርቼልሃለሁ። ስልኳን የከፈተች ዕለት «ደህና ነሽ ልጄ?» በላትና ዝጋው። ሌላ እንዳትጠይቃት። እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ይንቀጠቀጥ።