ተራ የደረሰው ፈረስ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩምና ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰው ፊት ማውራት ስለማፍር ነው የጻፍኩት።

አንድ ቀን የከተማችን የትራንስፖርት ኃላፊ አቶ ምትኩ ጋሪ ነጂዎቹን ሰብስበው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ተሳፋሪ ጋሪ አይመርጥም፤ ተራ የደረሰው ላይ ይሳፈራል» አሉ። ሁሉም እኩል እንዲያገኝ አስበው ነው።

ነገሩ ግን ተበላሸ። ፈረሱን ገብስ ያበላውም ያላበላውም እኩል ተሳፋሪ ስለሚያገኝ፣ ገብስ መግዛት ቀረ። ጋሽ በዳኔ ብቻ ጉራቻ የሚባለውን ፈረሳቸውን እንደ ልጅ መመገብ አልተዉም። የሌላው ነጂ የታምሩ ፈረስ ዳማ ደግሞ ገብስ ቢበላም ባይበላም ያው ነው፤ መንገድ መሀል ይተኛል። ተራው ሲደርስ ግን እያጉረመረምንም ቢሆን እንሳፈራለን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ፣ አቶ ምትኩ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ጋሪ መቆሚያው ጋ መጡ። የሚልኳቸው እኛ ቤት ነው፤ ሁለተኛዋን እህቴን ዘርትሁንን እንዲጠይቁላቸው። አባቴ ደግሞ አርፍዶ የመጣ ሽማግሌ ከደጅ እንደሚመልስ አገር ያውቃል። እኔ አፍሬ የሽንኩርት ዘንቢሌን ይዤ ከአንድ ጋሪ ኋላ ተደበቅሁ።

ተራው የዳማ ነበር። ዳማ ተኝቷል።

«ጋሽ በዳኔ፣ እባክዎ እነዚህን አባቶች በጉራቻ ያድርሱልኝ፤ ረፍዷል» አሉ አቶ ምትኩ።

«ተራዬ አይደለም፣ ጌታው።»

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? እኔ ፈቅጃለሁ!»

«እርስዎ ካሉ እሺ» አሉ ጋሽ በዳኔ። «ግን ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት የሺመቤትን ነው አይደል?»

«የምን የሺመቤት? ዘርትሁንን ነው እንጂ!»

«ታላቅ እህቷ የሺመቤት እኮ ገና አላገባችም። ተራው የእሷ ነው።»

ነጂዎቹ መሳቅ ጀመሩ። አቶ ምትኩ ፊታቸው ቀላ።

«ጋሽ በዳኔ፣ ይሄ ትዳር ነው! ሰው የወደደውን ይመርጣል እንጂ በተራ ያገባል?»

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ ጋሽ በዳኔ ልጓሙን እያስተካከሉ። «እርስዎ ዕድሜ ልክ አብራዎት የምትኖረውን ሲመርጡ ማንም አልከለከለዎትም። ሰዉ እስከ ገበያ የሚያደርሰውን ፈረስ ቢመርጥ ምን ይጎድልብዎታል?»

አንደኛው ሽማግሌ ቀድመው የጉራቻ ጋሪ ላይ ወጡ። «ምትኩ፣ እሺ በላቸውና እንሂድ። ልመናው እዚያም ይጠብቀናል።»

«በቃ! መርጣችሁ ተሳፈሩ!» አሉ አቶ ምትኩ።

ጉራቻ ሽማግሌዎቹን በሰዓቱ አደረሰ። ዘርትሁንም ለካ እሳቸውን መርጣ ኖሯል፤ እሺ አለች። የሺመቤት፣ «እኔ እንደሆነ አልቸኮልኩም» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ነጂው ሁሉ ገብስ ይገዛል። ዳማ ግን ዛሬም ይተኛል። ሰው ሁሉ አልፎት ይሄዳል፤ የምመርጠው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ፣ «አንቺ ልጅ፣ ምነው ከገበያ ስትመጪ ሁልጊዜ ታረፍጃለሽ?» ስትለኝ፣ «ዳማ ተኝቶብኝ ነው» እላታለሁ።

ለማንም ነግሬ የማላውቀው ግን፣ ዳማን የምመርጠው እንዲተኛልኝ ብዬ መሆኑን ነው። እስኪነሳ ድረስ እኔና ታምሩ እናወራለን፤ ከእሱ ጋር ሳወራ አላፍርም።