ባዶዋ መስመር

በአንድ ወቅት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ እንግሊዝን በምትገዛበት ዘመን፣ በአንዲት የገጠር ከተማ የሩጫ ማኅበር ነበር። ሕጉ አጭር ነው፤ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ከጨዋ ልጆች ጋር አይሮጥም። በሜዳው በር ላይ ትልቅ ድንጋይ ቆሞ፣ በየዓመቱ የአንድ ማይሉን ሩጫ ያሸነፈ ሰው ስሙ ይቀረጽበታል። ስሙን የሚቀርጸው ሳይለስ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሲቀርጽ ጨዋዎቹ በአጠገቡ አለፉ፤ መዶሻውን ሰሙ እንጂ ፊቱን አላዩም።

ሳይለስ ወደ ድንጋይ ማውጫው በሩጫ ሄዶ በሩጫ ይመለስ ነበር። ፍጥነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የባለርስቱ ልጅ ሩፐርት። ሩፐርትን ያጠባችው የሳይለስ እናት ናትና ሁለቱ የጡት ወንድማማቾች ናቸው።

“ዘንድሮ ከእኔ ጋር ትሮጣለህ” አለው ሩፐርት።

“ሕጉስ?”

“ለእኔ ተወው። ባለርስት ነው ብዬ እፈርምልሃለሁ። አንተ ብቻ አፍህን ያዝ።”

“ኋላ ብትክደኝስ?”

“ያጠባችኝን ልካድ እንዴ?” ብሎ ሳቀ።

በውድድሩ ቀን ሳይለስ የሩፐርትን ነጭ ልብስ ለብሶ መጣ። ማንም አላወቀውም። ሯጮቹ እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ግን አምብሮዝ የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ያምናው አሸናፊ፣ መዳፉን ይዞ ቆየ።

“ወዳጄ፣ ይህ እጅ ነው ወይስ ሞረድ?”

“ፈረስ ሲገራ ነው የሚውለው” አለ ሩፐርት ፈጠን ብሎ።

አምብሮዝ ፈገግ ብሎ ወደ መነሻው መስመር ሄደ።

ሳይለስ አንደኛ ወጣ። ሩፐርት ሁለተኛ፣ አምብሮዝ ሦስተኛ ሆኑ። አምብሮዝ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ዳኞቹ ዘንድ ሄደ። “አንደኛ የወጣው በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። መዳፉን ዳስሱት!”

የዳኞቹ አለቃ ወደ ሩፐርት ዞሩ። “በክብርህ ንገረን። ይህ ሰው በእጁ ይሠራል?”

ሳይለስ ወንድሙን አየው። ሩፐርት መሬት መሬቱን አየ።

“በክብሬ ከተጠየቅሁ አልዋሽም። ይሠራል።”

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ሳይለስ ከዚህ በኋላ ዝም አላለም።

“ማን እንደቀደመ አይታችኋል። ውሸቱንም የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።”

“ግን ለብሰኸው ሮጥክ” አለ ሩፐርት። “እኔ ዋሽቼ ፈርሜአለሁ፤ ስጠየቅ ግን በሰው ፊት አፍሬ እውነቱን ተናገርኩ። ሕጉ ከፈቀደላቸው መካከል የቀደምኩት እኔ ነኝ።”

“ከሦስታችን ሳይዋሽ የሮጠ እኔ ብቻ ነኝ” አለ አምብሮዝ።

“መዳፌን ስትዳስስ ምላስህ የት ነበረች?” አለው ሳይለስ።

“የምቀድምህ መስሎኝ ነበር።”

ዳኞቹ ሦስት ቀን ተከራክረው አልተስማሙም። በአራተኛው ቀን ለሳይለስ መልእክት ላኩበት፤ “መሮህን ይዘህ ና፤ ስንስማማ የሚቀረጸውን ስም እንነግርሃለን።” ከእሱ ሌላ ጠራቢ በከተማው አልነበረም።

ሄደ። ከዘጠኙ ስሞች በታች ያለችውን ባዶ መስመር አቧራዋን ጠርጎ ቆመ። ዳኞቹ በማኅበሩ ቤት ውስጥ ይጯጯሃሉ። ሩፐርት በበሩ ገባ፤ በአጠገቡ ሲያልፍ ፊቱን አላየም።

መሮው በእጁ ነው። እናንተ ዳኞች ብትሆኑ፣ በዚያች መስመር ላይ መቀረጽ የሚገባው የማን ስም ነው?