እታለማሁ ለመስታወቱ ያጎረሰችው

በደሴ፣ ወፍጮ ግርጌ በሚባለው ሰፈር፣ አዲስ ምግብ ቤት ፊቱን በመስታወት ሲያሠራ፣ ደንበኛ ከመግባቱ በፊት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። የቤቱ ትልቅ ሴት፣ እናት ብትሆን እናት፣ አክስት ብትሆን አክስት፣ ከውስጥ መስታወቱ አጠገብ ትቀመጥና በሽሮ የራሰች አንዲት ጉርሻ ጠቅልላ መስታወቱ ላይ ታሳርፋታለች። ያቺ እድፍ ያን ቀን አትጠረግም። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሲያያት «ይህን የሚያህል ቤት ሠርተው መወልወያ ጨርቅ አጡ እንዴ?» ይላል፤ የሰፈሩ ሰው ግን አይፈርድበትም፣ አያውቅማ። ጅማሬው እታለማሁ ከምትባል ሴት ነው ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ የሚያወሩትም እንዲህ ነው።

እታለማሁ፣ እንደሚነገረው፣ ባሏ ቀድሞ ሞቶባት አንድ ልጇን ይመርን ሽሮና ምስር እየሸጠች ያሳደገች ሴት ነበረች። ምግብ ቤቷ የጭቃ፣ በሩ የጣውላ፣ መስኮቱ ደግሞ ድመት የማያሳልፍ ነበር። ውስጡ በቀትር እንኳ ጨለም ይላል፤ ኩሊውም፣ ሾፌሩም፣ ገበያተኛውም ይህንኑ ጨለማ ወዶ ነበር የሚመጣው አሉ። ሰው ሲበላ ከለል ማለት ይወዳል፤ ዓይን አለ፣ የራበው አላፊ አለ፣ አምሮት ያለባት ነፍሰ ጡር አለች።

ይመር ግን ጨለማውን ጠላው። ጉርምስናው ሲመጣ በዚሁ ነገር ከእናቱ ጋር ተኳረፈና «አንቺ ጭስ ውስጥ አርጅተሽ እኔንም ልታስረጂኝ ነው» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ለብዙ ዓመት ወሬው ጠፋ። ጎረቤት አንዴ ሞተ ሲል፣ አንዴ ጅቡቲ ገባ ሲል፣ እሷ በሯን ሳትቀረቅር ታድር ነበር ይባላል። ሰው ሲጠይቃት «ለነፋሱ ብዬ ነው» ትላለች። ደሴ ላይ ደግሞ ነፋስ የሚናፍቅ ማን አለ።

ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አዲስ አበባ አልሙኒየምና መስታወት መግጠም ተምሮ፣ እናቱን አቅፎ አልቅሶ ሳያበቃ ግድግዳውን በሜትር ይለካ ጀመር አሉ። «እማ፣ ሰው አንቺን በብርሃን አይቶሽ አያውቅም። እኔም አይቼሽ አላውቅም» አላት። እሷም እሺ አለች። የፊት ግድግዳው ፈረሰ፤ በቦታውም ከመሬት እስከ ጣሪያ መስታወት ቆመ።

ያን ጊዜ በዚያ ሰፈር መስታወት ፊት ማያ ነበር እንጂ ግድግዳ አልነበረም። ስለዚህ ሰዉ ኡኡታ እንደሰማ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እትዬ ፈለቀች የምትባለው፣ ምላሷ ከጎመን መክተፊያ የማይተናነስ ጎረቤት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«ቤት ነው ቡፌ? ነገ እኛንም እንደ ስኒ ደርድራ ልታሳየን ነው» አለች።

«እንግዲህ የእታለም ድስት አስፋልት ወጣ» አለ አንዱ።

«ምን ድስቱ ብቻ፣ ቤቱ ራሱ ጋቢውን ጥሎ የቆመ ነው የሚመስል» አለ ሌላው።

የወፍጮ ቤቱ አውራ ዶሮ መጥቶ ከራሱ ጥላ ጋር ሲዋጋ ዋለ። አንድ አዛውንት ደግሞ ማዶ ሰው የቆመ መስሏቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ ያም እኩል ጎንበስ ሲልላቸው «ጨዋ ሰው ነው» እያሉ አለፉ ይባላል።

ሳቁ ግን አልቆየም። ክፉው ነገር የመጣው ከገበታው ላይ ነው። በአገሩ ደንብ የሚበላ ሰው አላፊ ካየ «እንብላ» ይላል፤ አላፊውም «ይባረክ» ብሎ ይሄዳል፤ ይህ ሳይባል እህል በጉሮሮ አይወርድም። አሁን መንገዱ በሙሉ ገበታው ላይ መጣ፤ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን መስታወቱን አያልፍም። አንድ ሾፌር የሚያልፈውን ሁሉ «እንብላ፣ እንብላ» ሲል ሽሮው ቀዘቀዘበትና ሳህኑን አንሥቶ ጓዳ ገብቶ በላ። ሌላው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተቀጣ ተማሪ ተቀመጠ። ቀስ በቀስ የደንበኛ እግር አጠረ። ጋሽ ሙሄ እንኳ፣ ከዚያ ቤት ሌላ ምሳ የማያውቀው ሽማግሌ ኩሊ፣ ሸክሙን ይዞ በወዲያኛው የመንገድ ጠርዝ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ጀመረ።

እታለማሁ ነገሩ ገብቷታል። ለልጇ ግን አልተናገረችም። እንዴት ትናገር? ይመር ማለዳ ተነሥቶ ያን መስታወት ሲወለውለው፣ የአንድ ጣት አሻራ ባየ ቁጥር ሲንገበገብ ታየዋለች። መስታወቱ ይነሣ ማለት አንተም ሂድ ማለት ሆነባት። መጋረጃ ልትሰቅል ጨርቅ ገዝታ ከአልጋዋ ሥር ደብቃው ነበር የሚሉም አሉ። ይመር ሰው ለምን ጠፋ ሲላት «ጾም ነው» ትለዋለች። ጾሙ ተፈታ። «ዝናቡ ነው» አለችው። ዝናቡም አባራ።

ልጁ ሞኝ አልነበረም። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከባዶ ወንበሮች መሀል ቆሞ፣

«እማ፣ የኔ መስታወት ነው አይደል ያባረራቸው?» አላት።

«ኧረ ምን በወጣው።»

«ነገ አወርደዋለሁ። አውርጄው ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ ሥራ አለ እያሉኝ ነው።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። እታለማሁ ተነሣች። ጓዳ ገብታ ለራሷ ሽሮ አወጣችና፣ መስታወቱ ሥር፣ ብርሃን ከሁሉ በሚበረታበት ጠረጴዛ ተቀመጠች። ምግብ ቤት ያላት ሴት ደንበኛዋን ሸኝታ፣ ጓዳ ቆማ ነው የምትጎርሰው፤ እታለማሁ ስትበላ ያየ ጎረቤት አልነበረም። ይመርም ከቆመበት ሆኖ አያት።

ውጭ ያለውም አየ። እትዬ ፈለቀች ከደጇ ሆና «እታለም አደባባይ ተቀምጣ ትበላለች፣ ጉድ ነው» ስትል፣ ድምፁ ባይገባም አፏ ይነበባል። እታለማሁ ግን አልተነሣችም። በዚህ መሀል ጋሽ ሙሄ ጆንያ ተሸክሞ ብቅ አለ፤ ዓይን ለዓይንም ተጋጩ።

«እንብላ» አለችው። አልሰማም።

«ሙሄ፣ እንብላ እንጂ» አለች ደግማ። አሁንም አልሰማም፤ የምትለው ግን ጠፍቶት አይደለም፣ ከመንገዱ መሀል ቆሞ ያያታል። ልቧ ውጭ ነበርና፣ መስታወቱም በልጇ እጅ ጠርቶ የሌለ ያህል ነበርና፣ የጠቀለለቻትን ጉርሻ ይዛ እጇን ቀጥ አድርጋ ወደ አፉ ሰደደችው ይባላል።

ጉርሻዋ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

ሽሮው ቁልቁል ወረደ። እታለማሁ እጇን እዚያው እንዳሳረፈች ቀረች፤ ዓይኗም የሄደው ወደ ሙሄ ሳይሆን ወደ ልጇ ነው፤ አንዲት አሻራ የማይችል ልጅ ነዋ። ጋሽ ሙሄ ግን ጆንያውን አወረደ። መስታወቱ ድረስ መጥቶ ጎንበስ አለና አፉን ከፈተ፤ ጉርሻዋ እንደደረሰችው ሁሉ ደህና አድርጎ አላመጠ፣ ዋጠ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ በሩን ገፍቶ ገባና፣

«እታለም፣ ጨው አንሶታል» አላት።

ይመር ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ከልቡ ሲስቅ ማንም አልሰማውም ነበር። እየሳቀ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ አፉን ከፈተላት። አጎረሰችው፤ ደግሞም አጎረሰችው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ።

«ታዲያ ነገ ትሄዳለህ?» አለችው፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሣ።

ይመር መስታወቱን፣ በላዩ የሚወርደውንም ሽሮ አየ።

«ይሄን ማን ሊወለውልልሽ?» አላት።

ጨርቁን አምጥቶ የወረደውን ጠረገ፣ ዙሪያውንም አጠራ፤ ጣቶቿ ያረፉበትን ግን እስኪመሽ ተወው። እትዬ ፈለቀችም ነገሩን ቀርባ ልታጣራ ገብታ ምሳ በልታ ወጣች አሉ። ከዚያ ወዲህ በወፍጮ ግርጌ ከመስታወት ኋላ የሚበላ ሰው «እንብላ»ን በእጁ ይላል፣ ጉርሻውን ከፍ አድርጎ፤ አላፊውም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይሄዳል። ጥሪ መስሎት የሚገባ እንግዳ አይጠፋም፤ ገብቶም ሳይበላ አይወጣም።

እታለማሁም ይመርም ዛሬ የሉም። የዚያን ዘመን መስታወትም ስንቴ እንደተለወጠ የሚያውቅ የለም፤ መንገዱም ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሆኗል። አዲስ ሲገጠም ግን፣ ገጣሚው የመጨረሻውን ውልወላ ጨርሶ ወደ ኋላ ይልና ጨርቁን አጥፎ ኪሱ ይከታል። ከዚያም ወደ ቤቱ አሮጊት ዞር ብሎ «በሉ እናታችን፣ ያጉርሱት» ይላቸዋል።