አያ ግንዲላና የመጨረሻዋ ስፌት

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

«ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ምሳ አልበላችሁም እንዴ? እንደገና። ተረት ተረት።»

«የመሰረት!»

«እንዲህ ነው እንጂ። አሁን ጠጋ ጠጋ በሉ። የያዝኩት መርፌ ነውና ክንዴን እንዳትገፉኝ።»

በድሮ ጊዜ፣ ፈትል አምባ በምትባል መንደር፣ ፈንታዬ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ይርዳው ሸማኔ ነው። እሱ ይሸምናል፣ እሷ ትሰፋለች። አንድ ጎጆ፣ አንድ የሽመና ጉድጓድ፣ አንድ መርፌ አላቸው። ሌላ ሀብት የላቸውም።

ጎጆዋን ያየ ግን የድሃ ቤት ነው አይልም። ፈንታዬ ከአባቷ ሥራ የተረፈች እራፊ ጨርቅ አትጥልም። የትራስ ልብስ ታደርጋታለች፣ የበር መጋረጃ ታደርጋታለች። የእንስራው ክዳን ሳይቀር ጥልፍ አለው። ጎረቤቶቿ «ፈንታዬ፣ ነገ ደግሞ ለዶሮዋ ካባ ስፊላት» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም አብራቸው ትስቃለች። ዶሮዋን ግን አንድ ሁለት ጊዜ በዓይኗ ለክታታለች።

አሠራሯ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መደቡ ላይ አመድ ትነሰንሳለች። ከዚያ በጣቷ ትስላለች። አበባ፣ ዓሣ፣ የዝናብ ነጠብጣብ፣ ያሰኛትን ሁሉ። ካላማራት እፍ ትለውና እንደገና ትስላለች። ልቧ ደስ ሲለው ብቻ መርፌዋን ታነሳለች።

በፈትል አምባ ደግሞ አንድ ወግ ነበረ። ይህን ወግ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። ለሰው የተሰፋ ነገር ሁሉ፣ የመጨረሻዋን ስፌት የሚሰፋው ባለቤቱ ነው። ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባው ራሱ ነው፤ ስፌቷን የሚሰፋው ራሱ ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ እስኪሆንለት ይታገላታል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። ስሟም የባለቤት ስፌት ይባላል። እሷ ካልገባች ሥራው አላለቀም።

አንድ ቀን ፈንታዬ ለራሷ ትራስ ልትሰፋ ፈለገች። ሦስት ደህና ደህና እራፊዎች አጠራቅማ ነበር። ልታጥባቸው ወደ ወንዝ ወረደች።

መንገድ ላይ ሸረሪት አገኘቻት። «ፈንታዬ፣ ቤቴ በር የለውም። ንፋሱ ወዲያና ወዲህ ያላጋኛል» አለቻት። ፈንታዬን አሳዘነቻት። አቧራው ላይ ሥዕል ሳለች፤ ከአንደኛው እራፊ ትንሽ መጋረጃ ሰፋችላት። የባለቤት ስፌቷን ሸረሪት ራሷ በስምንተኛ እግሯ ሰፋች። «የቸገረሽ ቀን ጥሪኝ» አለቻት።

ትንሽ እንደሄደች ጃርት አገኛት። «ፈንታዬ፣ ትራስ ያምረኛል። ግን ስተኛበት እሾኬ ይበሳዋል» አላት። ፈንታዬ አቧራው ላይ ሥዕል ሳለች፤ ሁለተኛውን እራፊ ደራርባ፣ ደረቅ ሣር ጠቅጥቃ፣ እሾህ የማይበሳው ትራስ ሰፋችለት። የባለቤት ስፌቷን ጃርት ራሱ እያለከለከ ሰፋ። «የቸገረሽ ቀን ጥሪኝ» አላት።

አሁንም ትንሽ እንደሄደች እስስት አገኘቻት። «ፈንታዬ፣ ደከመኝ። ቅጠል ላይ ስወጣ አረንጓዴ፣ አፈር ላይ ስወርድ ቡናማ። አንድ እንኳ ቀለሙን የማይለውጥ ነገር ቢኖረኝ ምን ነበር» አለቻት። ፈንታዬ አቧራው ላይ ሥዕል ሳለች፤ ከሦስተኛው እራፊ ቀይ ካባ ሰፋችላት። የባለቤት ስፌቷን እስስት ራሷ ሰፋች። እስስት ናትና ቀስ ብላ ነው። እስክትጨርስ ፈንታዬ ሁለት ጊዜ አዛጋች። እስስትም «የቸገረሽ ቀን ጥሪኝ» አለቻት።

ፈንታዬ ባዶ እጇን፣ ግን እየዘፈነች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

መንደሩ ጋ ስትደርስ ሰው ሁሉ ይጮኻል። ከተራራው ላይ ጭራቁ አያ ግንዲላ ወርዶ ነበር። ይህ ጭራቅ ቁመቱ ዋርካ ያህላል። ጢሙ እስከ ጉልበቱ ይደርሳል። የፈንታዬን ቤት ማማር ሰምቶ ሊያይ መጣ። በሆዱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን በበሩ አስጠጋ። መጋረጃውን አየ፣ ትራሱን አየ፣ የእንስራውን ክዳን አየ። ቅናት አንጀቱን በላው። ሸማኔውን ይርዳውን ከጉድጓዱ ብድግ አድርጎ ብብቱ ሥር ሸጎጠውና «ልጅቱ ተራራው ላይ ትምጣ» ብሎ ሄደ።

ፈንታዬ አለቀሰች። ከአባቷ ሌላ ማንም የላትም። ካለቀሰች በኋላ ፊቷን ታጠበች፤ መርፌዋን ነጠላዋ ላይ ሰካች፤ ተራራውን ወጣች።

አባቷን በእንጨት ጎጆ ውስጥ እንደ ዶሮ ታስሮ አገኘችው። ጭራቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«አያ ግንዲላ፣ አባቴን ስጠኝ» አለች።

«መጀመሪያ ዋሻዬን እዪ» አለ ጭራቁ። «ባዶ ድንጋይ ነው። አንቺ እንስራ ታለብሻለሽ፣ እኔ ግንዲላ ደረቅ ድንጋይ ላይ እተኛለሁ። አልጋ ልብስ ስፊልኝ። ከራሴ እስከ እግሬ የሚሸፍን ይሁን። አገሩ ሁሉ ይታይበት። ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ። ካልጨረሽ አባትሽን እበላዋለሁ።»

«ከጨረስኩስ?»

ጭራቁ ወደ ዋሻው ጣሪያ አየ። «ከጨረሽማ... ያኔ እንነጋገራለን» አለ።

ፈንታዬ ይህን መልስ አልወደደችውም። ጨረሰችም አልጨረሰችም ሊበላቸው እንዳሰበ ገባት።

አባቷም ገብቶታል። «ፈንቴ፣ ሂጂ ልጄ፣ አንድ እኔ ይበቃዋል» አላት።

«ቆይ አባዬ፣ እያሰብኩ ነው» አለችው። ወደ ጭራቁ ዞር አለች። «እሺ፣ እሰፋልሃለሁ። ተራ ስፌት ይሁንልህ ወይስ በመንደራችን ወግ?»

«እኔ ከማን አንሼ ነው ተራ የሚሰፋልኝ? በመንደራችሁ ወግ ይሁን። ከወጉ አንዲት ነገር ብትጎድል ወዮልሽ።»

«ይሁን። ግን እየፈራሁ መስፋት አልችልም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሥራው እስኪያልቅ ማንንም እንዳትበላ፣ ማንንም እንዳታስር በጢምህ ማልልኝ።»

ጭራቅ በጢሙ ከማለ ቃሉን አያፈርስም። ካፈረሰ ወዲያው ጉንዳን ያህላል። አያ ግንዲላ አሰበ። ሦስት ቀን ምን አላት፣ ከዚያ ሁለቱንም ቅርጥም ነው፣ አለ በልቡ። ጢሙን ጨብጦ «ሥራው እስኪያልቅ ማንንም አልበላም፣ ማንንም አላስርም። የአንቺን ድርሻ በሦስት ቀን ካልጨረሽ ግን መሐላዬ ፈርሷል» አለ። የእንጨቱንም በር ከፈተ።

አባትና ልጅ እየሮጡ ወረዱ።

ዋርካ የሚያህል ጭራቅ የሚሸፍን ጨርቅ ከየት ይመጣል? ከየቤቱ ነዋ። ከአንዱ ቤት የአሮጌ ጋቢ ጫፍ መጣ። ከአንዱ ቤት የሰርግ ቀሚስ እጅጌ፣ ከአንዱ ቤት የእህል ጆንያ። እትዬ ብርነሽ የባለቤታቸውን ሱሪ ሙሉውን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው «ኧረ ገና እየለበስኩት ነው» ቢሉም የሰማቸው የለም።

ሥዕሉስ? ሥዕሉን አውድማ ላይ ሳሉት። ከየቤቱ አመድ በቁና ተሸክመው ነሰነሱ። ጣቷ ስላልበቃ ፈንታዬ በእግሯ ሳለች። ወንዙን ለመሳል ልጆቹን ሁሉ በሰልፍ አስኬደቻቸው። ተራራው ግን አላማራትም። እፍ ስትል መንደሩ ሁሉ አብሯት እፍ አለ፤ ሰዉ ሁሉ አመድ በአመድ ሆኖ ተሳሳቀ። ሁለተኛው ተራራ ከመጀመሪያው አማረ።

በመጀመሪያው ቀን እራፊዎቹን መጋጠም ጀመሩ። የወንዙ ሥዕል ጋ ሲደርሱ ክሩ አለቀ። በመንደሩ አንዲት ዘለላ ክር አልቀረም። ፈንታዬ «እመት ሸረሪት፣ ቸገረኝ» አለች።

ሸረሪት ከጣሪያ ወረደች። «ዛሬ ነው የቸገረሽ ቀን?»

«ዛሬ ነው።»

ሸረሪት አንድ ክር ፈተለች። የማያልቅ ክር። ቢጎትቱት አያልቅ፣ ቢቆርጡት አያልቅ። ፈንታዬ ቀኑን ሙሉ ሰፋች።

በሁለተኛው ቀን ወፍራሙ ጆንያ ላይ ስትደርስ መርፌዋ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። «አያ ጃርት፣ ቸገረኝ» አለች።

ጃርት እየተንገዳገደ መጣ። «ዛሬ ነው የቸገረሽ ቀን?»

«ዛሬ ነው።»

ከጀርባው አንዲት እሾህ ነቀለ፤ ጫፏን በጥርሱ በሳ። ቀዳዳዋ የሰሊጥ ፍሬ አታሳልፍም። መርፌዋ ግን አስማት ነበረች። ፈንታዬ አንዴ ጠቅ ስታደርጋት እሷ መቶ ትሰፋለች።

በሦስተኛው ቀን አልጋ ልብሱ ተዘረጋ። አውድማውን ሞላው። ግን የአሮጌ ልብስ ቀለም ነውና ወንዙም አመድማ፣ ተራራውም አመድማ፣ ዶሮውም አመድማ ሆነ። «እመት እስስት፣ ቸገረኝ» አለች።

እስስት ቀይ ካባዋን ለብሳ መጣች። «ዛሬ ነው የቸገረሽ ቀን?»

«ዛሬ ነው። እባክሽ ፍጠኚልኝ።»

እስስት መፍጠን አታውቅም። አንድ እግር አነሳች፣ አሰበች፣ አሳረፈች። ያረፈችበት ሁሉ ግን ቀለም አወጣ። ወንዙ ሰማያዊ ሆነ። ስንዴው ቢጫ ሆነ። አያ ግንዲላ ከተራራው ሲወርድ ኮቴው ይሰማል። መሬቱ ይንቀጠቀጣል። እስስት ገና ዶሮው ጋ ናት። የመንደሩ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ጭራቁ አውድማው ጫፍ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ፣ እስስት የዶሮውን ኩክኒ ቀይ አድርጋ ወረደች።

አያ ግንዲላ አፉን ከፈተ። ሊበላ አይደለም፣ ገርሞት ነው። ወንዙን አየ፣ እርሻውን አየ፣ ተራራውን አየ። ተራራው ላይ ጢሙ የተንዠረገገ አንድ ጭራቅ ተቀምጧል። «ይኼ እኔ ነኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ነህ» አለች ፈንታዬ።

ደስ አለው። ግን ጭራቅ ነውና ወዲያው ምራቁን ዋጠ። «አለቀ አይደል?»

«የእኔ ድርሻ አልቋል። የቀረችው የባለቤት ስፌት ናት» አለችና ክሩንና የጃርቱን መርፌ ሰጠችው።

«አንቺው ስፊያታ።»

«ከወጉ አንዲት ነገር ብትጎድል ወዮልሽ ያልከኝ ማን ነበር? ባለቤቱ ካልሰፋት ሥራው አላለቀም። ሥራው ካላለቀ ደግሞ በጢምህ ምለሃል።»

የመንደሩ ሰው በሙሉ «ወጋችን ነው» አለ። የእትዬ ብርነሽ ባለቤትም፣ በነጠላ እንደተጠቀለሉ፣ «ወጋችን ነው» አሉ።

ጭራቁ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ዘነዘና ያህላል፤ መርፌዋ ጠፋችበት። አንዴ ሞከረ፤ ክሩን ትቶ የጢሙን ፀጉር ሲገፋ ቆየ። ሁለተኛ ሞከረ፤ አስነጠሰውና ክሩ ሾላ ዛፍ ላይ ተንጠለጠለ። ሦስተኛ ሞከረ፤ ጣቱን ወጋውና ሲጮህ የሾላው ፍሬ ሁሉ ረገፈ። ልጆቹ ለቅመው በሉት።

«ነገ አስገባታለሁ» አለ። አልጋ ልብሱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። ይርዳው ወደ ሽመና ጉድጓዱ ተመለሰ። ፈንታዬ አባቷን አቅፋ በደስታ አለቀሰች።

በማግስቱም አልገባችለትም። በሳምንቱም አልገባችለትም። ጭራቁ ሰው መብላት አልቻለም፤ ዱባ ቀቅሎ ይበላ ጀመር። ፈንታዬ ተራራው ላይ ብቻውን ሲታገል ስታየው አሳዘናት። ትልቅ እንጨት ጠርባ፣ ጫፉን በስታ፣ ከገመድ ጋር ወሰደችለት። «በዚህ ተለማመድ» አለችው። አመድ ነስንሳ በጣት መሳልም አስተማረችው። ጭራቁ ለዋሻው መጋረጃ ሰፋ። ትራስ ሰፋ። አንዱ ጥልፍ ዱባ ነው ይላል፣ ፍየል ይመስላል፤ ግድ የለም፣ የራሱ ነው። እየሰፋ ሲዘፍን መንደር ድረስ ይሰማ ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ፈንታዬ ዱባ ይዛለት ስትወጣ፣ አያ ግንዲላ የጃርቱን መርፌ ይዞ አንድ ዓይኑን ጨፍኗል። ክሩን ገፋ። ክሩ ገባ።

ፈንታዬ ባለችበት ደርቃ ቀረች። አንድ ስፌት ብቻ ቀርታለች። እሷ ከገባች መሐላው አለቀ።

ጭራቁ መርፌዋን አየ። ፈንታዬን አየ። የሰፋቸውን መጋረጃዎች ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ክሩን ስቦ አወጣው።

«ምን አስቸኮለኝ» አለ። «ነይ ቁጭ በይ፣ ዱባ እንብላ።»

ያቺ ስፌት እስከ ዛሬ አልገባችም ይባላል።

የዚህ ተረት ትምህርቱ እንዲህ ነው፣ ልጆች። ጉልበተኛ ቢያስፈራችሁ አስቡ እንጂ አትሽሹ። ደግሞም በገዛ እጁ ያማረ ነገር መሥራት የለመደ ሰው፣ ክፋት አያምረውም።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ተዉትና መርፌዬን ክር አስገቡልኝ። ይህ የምሰፋው ትራስ የእናንተ ነው። ሁሉንም ጨርሼዋለሁ። አንዲት ስፌት ብቻ ቀርታለች።