የትርንጎ ክር

ተጠጉና ስሙኝ ልጆቼ። ዘመኑ ሩቅ ነው። ያዩት ሰዎች አልቀዋል፤ ለልጅ ልጅ ነግረው ነው ያለፉት።

ዝግባ ሜዳ በሚባል መንደር ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጅና አንዲት ፍየል ነበራት። ሌላ ሀብት አልነበራትም። ሰው የጣለውን ትለቅም ነበር። የተቀደደ ጨርቅ ትለቅማለች፤ የበቆሎ ልባስ ትለቅማለች፤ የቅል ስባሪ ትለቅማለች። ጨርቁን ጠምዝዛ አበባ ታደርገዋለች። ልባሱን በእንሶስላ ነክራ ታቀላዋለች። የቅሉን ስባሪ በክር ሰክታ በሯ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ነፋስ ሲነካው እየተንኳኳ እንግዳ ይቀበላል። ጎጆዋን ያየ ሁሉ የጌታ ቤት ይመስለው ነበር።

በዚያው መንደር አስካለ የምትባል ባለጸጋ ነበረች። ቀይ የግምጃ መጋረጃ ነበራት። ሰርግ ሲደገስ መጋረጃውን ታውስና ከሙሽራዋ እናት ጎን ትቀመጣለች። ያን ቀን ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው። ከዚህ ክብር አብልጣ የምትወደው ነገር አልነበራትም።

አንድ ጊዜ ወላጅ የሌላት ልጅ ተዳረች። አስካለ መጋረጃዬን ጭስ ይነካብኛል ብላ ከለከለች። ትርንጎ የለቃቀመችውን ይዛ ሄደች። ዳሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሰችው። እንግዳው ገብቶ ቀና ሲል እልልታው ቀለጠ። አስካለ ጠጁ መረራት። ሰው ወደ ላይ ባየ ቁጥር ከእሷ ላይ የተነሣ ዓይን መሰላት። «ጥራጊ ቢሰቀልም ጥራጊ ነው» አለች። አጠገቧ የነበረች ባልቴት፣ «እኛ እንኳ መሬት ወድቆ እንጂ ተሰቅሎ አናውቀውም ነበር፣ እትዬ አስካለ» አለቻት ይባላል። አስካለ ሳትበላ ወጣች።

ቅናት እንቅልፍ የለውም። አስካለ ቤት ለቤት ዞረች። ጥራጊያችሁን አቃጥሉ፣ ተስቦ ያመጣል አለች። የራሷንም በር ላይ ቆማ ታስቃጥል ጀመር። እስቲ አስቡት፤ ጎተራዋን ትታ ጥራጊዋን የምትጠብቅ ሴት። መንደርተኛው ይስቅባት ነበር፤ ግን ይፈራታልና አቃጠለ። ሌላ ሰርግ ሲመጣ ትርንጎ የምትለቅመው አጣች። አማተበችና ወደ አመድ መድፊያው ሄደች። አመዱን ነፋች፤ በውሃ በጠበጠች፤ ለብቻው ቀይ አፈር በጠበጠች። በሙሽሮቹ ጫጉላ ቤት ግድግዳ ላይ ወፍና ሐረግ ሣለች። ሰው ከሩቅ እየመጣ አየ። አስካለም ሰው ሁሉ እርሻ በወረደበት ሰዓት ተደብቃ ሄዳ አየች። ዓይኗ ወደደው። የባሰ ያነደዳትም ይኸው መውደዷ ነው።

ሦስተኛው ክፋቷ ግን ከሁሉ ይከፋል። የትርንጎ ልጅ ማንጠግቦሽ ታጨች። አስካለ ለሙሽራው ወገን ወሬ አደረሰች። ትርንጎ መንገድ ላይ የወደቀ ታነሣለች፤ ሰው ደዌውን አሽቶ የጣለው ደንቃራ ይኖርበታል፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሙሽራ ልጅ አይወጣለትም አለች። በኛ አገር በደንቃራ አይቀለድም። የሙሽራው አባት ሽማግሌ ላከ። የተለቀመ ነገር ካለበት ዳስ አንገባም፤ ባዶ ዳስም ውርደት ነውና አንገባም አለ። ግምጃው ያለው አስካለ ቤት ነው። አስካለ ደጇ ላይ ተቀምጣ ትርንጎ ለልመና እስክትመጣ ጠበቀች።

ትርንጎ አልመጣችም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቀድሞ ዳሷን ያስጌጠችላት ያቺ ወላጅ የሌላት ልጅ አየቻት። ቤቷ ሄዳ ያለቀ የልጇን ማዘያ ጨርቅ አመጣችላት። «ይህ ከመንገድ የተነሣ አይደለም። በእጄ የሰጠሁሽ ነው» አለቻት። ወሬው ዞረ። ከየቤቱ ቁራጭ መጣ። በእጄ ነው፣ በእጄ ነው እያለ ሁሉም ሰጣት። በእጅ የተሰጠ ደንቃራ የለበትም።

ቁራጩ ሁሉ በአንድ ረጅም ክር ተሰካ። ሊሰቀል ሲል የሙሽራው ወገን ሽማግሌ ያልሰጠ ቤት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንድ አለ ተባለ። ያልሰጠማ ረግሟል፣ እርግማን ካለ ሙሽራው አይገባም አለ። ሰዎች በአስካለ ላይ ዱላ አነሡ። ትርንጎ ቀድማቸው ወደ አስካለ ደጅ ሄደች። ልትሰድባት ነው ብለው ተከተሏት።

«እትዬ አስካለ፣ ይምጡና ክር ይያዙልኝ» አለቻት።

አስካለ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ «የምሰጥሽ የለኝም። አንቺን ባየሁ ቁጥር ውስጤ ይነዳል» አለች።

«አውቃለሁ፤ ጭሱ እኔም ቤት ይደርሳል። ጨርቅ አልለመንኩዎትም። እጅዎን ነው የፈለግሁት።»

አስካለ መጣች። የክሩን አንድ ጫፍ ያዘች። ትርንጎ ሌላውን ይዛ ምሰሶው ላይ ወጣች። አስካለ ብትለቀው ያ ሁሉ ልፋት አቧራ ላይ ይወድቃል። የመንደሩ ሰው ሁሉ እጇን አየ። እሷ ግን ክሩ ታስሮ እስኪያልቅ አልለቀቀችውም። ሽማግሌው የአስካለን እጅ ከስጦታ ቆጠረው፤ ሙሽራው ገባ፤ ማንጠግቦሽም ተዳረች። አስካለን ቅናቷ ያን ቀን ተዋት አልላችሁም፤ ያንን እግዜር ነው የሚያውቀው። ክሩን ግን አልለቀቀችም።

ስለዚህ በዝግባ ሜዳ ዳስ ሲጌጥ ክሩን የሚይዘው ወዳጅ አይደለም። ደጋሾቹ የተቀየማቸውን፣ የሚቀናባቸውን ሰው ፈልገው ይሄዱና «ክር ያዝልን» ይሉታል። ይዞ የለቀቀ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ክሩ ታስሮ ሲያልቅም ትልልቆቹ ቆመው ነፍስ ይማር ይላሉ። ለትርንጎ ይላሉ። ለአስካለም ይላሉ።